የድቡሼ ጉንጭ

የሰፈሩ ሰው ሁሉ «የመንታ እናት» ብሎ ነው የሚጠራት። ከሁለቱ ልጆቿ አብሯት ያለው አንዱ ብቻ ቢሆንም ስሙ አንዴ ወጥቷልና ማን ይመልሰዋል። ቧንቧ ወረፋ ስትይዝም፣ ፋብሪካ በር ላይ ስትፈተሽም የመንታ እናት ናት።

ልጆቹ ሲወለዱ ወንዱ ነበር ቀድሞ የመጣው። ወፍራም፣ ሲያለቅስ ክፍሉን የሚያናውጥ ነበር። አዋላጇ ብድግ አድርጋ «ይሄማ ድቡሼ ነው» አለች፤ በዚያው ድቡሼ ሆኖ ቀረ። ተከትላው የወጣችው ሴቷ ግን ከአባቷ መዳፍ የማታልፍ ነበረች። አባትየው ግንበኛ ነው፤ ምንም ነገር ቢመጣ ወደ ቀልድ ሳያዞር የማያሳልፍ ሰው። ያን ለት እንኳ «ይቺን በስህተት ነው የላኩልን፣ ገና አልበሰለችም» ብሎ አዋላጇን አሳቃት። ስሟም ሚጡ ተባለ።

የእናትየው ጡት ለሁለት አልበቃ አለ። ድቡሼ ጎትቶ ይጠባል። ሚጡ ሁለት ሦስቴ ሳብ ታደርግና ደክሟት ትተኛለች። የወሊድ ፈቃዱ ሊያልቅ ሲቃረብ ድቡሼ እጥፍ ሆኖ ሚጡ ያው እንደተወለደች ነበረች። እናትየው ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ የምታደርገው ነገር እጇን የሚጡ ደረት ላይ አሳርፋ ትተነፍስ እንደሆነ ማዳመጥ ሆነ።

የግንበኛው ታላቅ እህት ከሌላ ከተማ የመጣችው በዚህ መሀል ነው። ልብስ ሰፊ ናት፤ የተማሪ ዩኒፎርም እቤቷ ቁጭ ብላ ትሰፋለች። ልጅ አልወለደችም። ባሏ የአውቶብስ መካኒክ ነው፣ ጠዋት ወጥቶ ማታ ይገባል፤ ቤታቸው የስፌት መኪናው ፔዳል ካልተረገጠ ድምፅ የለውም። እናትየው «እትዬ» ነው የምትላት። እትዬ ሚጡን ታቅፋ ከሰዓቱን ሙሉ ከዋለች በኋላ፣ ዓይን ዓይኗን ሳታይ፣ ለእኔ ስጪኝ አለቻት። እስክትጠነክር፣ ቢያንስ ጥርስ እስክታወጣ። እኔ እቤት ነው የምውለው፣ ከእጄ አትወርድም አለች።

እናትየው ሰጠቻት። ሰፈሩ ወንዱን አስቀርታ ሴቷን ጣለች ብሎ አማት። እውነቱን ለባሏ እንኳ አልነገረችም። ሚጡ መሞቷ አይቀርም፣ እጄ ላይ ሆና ከማይ እዚያው ይሁን ብላ ነበር የሰጠቻት። ድቡሼ ግን ምንም ቢመጣ የማይበገር ልጅ መስሎ ነበር የሚታያት።

ሥራዋ ጫማ ፋብሪካ ነው፣ ሶል የሚጣበቅበት ክፍል። ቀኑን ሙሉ ማስቲሽ በብሩሽ ስትቀባ ትውላለች። የጣቶቿ ጫፍ ይላጣል፣ ልብሷ ቢታጠብም ሽታውን አይለቅም። ወደ ሥራ የተመለሰች ሰሞን ጡቷ እየሞላ ጋዋኗን ያርስ ነበር፤ መጸዳጃ ቤት ገብታ እያለበች ትደፋዋለች። ጥቂት ወራት እንዲህ አለፉና ጡቷ መሙላቱን ተወ።

ድቡሼ የሚውለው እማማ ዘንድ ነው። እማማ ሁለት ቤት አልፈው የሚኖሩ አሮጊት ናቸው፤ የሠራተኛ ልጆችን ሰብስበው በአንድ ክፍል ያውላሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ጉልበታቸው ያማቸዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል፣ ልጁ ደግሞ ብዙ ነው። ጠዋት ሻይ በዳቦ፣ ምሳ ላይ ቀጠን ያለ የዱቄት ገንፎ በአንድ ትልቅ ሳህን ይቀርባል። እጁ ፈጣን የሆነ ይበላል። የሚጮህ ይጨመርለታል። ምግቡ የሚያንሳቸውም የሚተርፋቸውም ልጆች አሉ፤ ማን ከየትኛው እንደሆነ የሚያይ ግን የለም።

ድቡሼ መጀመሪያ ሰሞን ይጮህ ነበር። ቀስ በቀስ ቀነሰ፣ በኋላም ጭራሽ ተወው። እማማ ሲያስረክቧት አመስግነውት አይጠግቡም።

«እንዳንቺ ልጅ ያለ ጨዋ አላየሁም» ይሏታል። «ያስቀመጥኩት ቦታ ነው የማገኘው።»

ይህን ስትሰማ የቀኑ ድካሟ ይቀልላት ነበር። የሌሎቹ እናቶች ልጅ ነከሰ፣ ደፋ፣ ሰበረ እየተባለ ሲነገራቸው የሷ ብቻ ይመሰገናል። እቤትም ሲደርሱ እንደዚያው ነው። አልጋው ጥግ ላይ ትራስ አስደግፋው እራት ትሠራለች፤ እሱ ትክ ብሎ ያያታል። ሁለት ማንኪያ ካጎረሰችው በኋላ ፊቱን ያዞራል። ጠግቦ ነው ትላለች። እማማ ዘንድ ጥሩ በልቶ ነው የመጣው ትላለች።

ዓመት ሲሞላው ካስቀመጡት ይቀመጥ ነበር። ዓመት ተኩል ሲሆነውም ያው ካስቀመጡት ይቀመጣል። አልዳኸም፣ ይዞ አልቆመም። ብብቱን ይዛ ልታቆመው ስትሞክር እግሩ እንደ እርጥብ ጨርቅ እጥፍጥፍ ይላል። ለዚህ ደግሞ ጎረቤቱ መልስ አላጣም። ወንድ ልጅ ዘግይቶ ነው የሚሄደው አሏት። አባቱም እንዲሁ ዘግይቶ ነው አሏት። አባትየው ራቅ ካለ ከተማ ሕንፃ ሲገነባ ይከርምና ብቅ ባለ ቁጥር ልጁን ትከሻው ላይ ጉብ አድርጎ በመንደሩ ያዞረዋል። «የኔ ልጅ ባለሥልጣን ነው፣ በእግሩ አይሄድም» ይላል። ሰው ይስቃል፤ እሷም አብራ ትስቃለች።

ሚጡ ጥርስ ካወጣች ቢቆይም ልመልሳት ያለም መልሺልኝ ያለም የለም፤ እትዬ ስልክ ስትደውል ወሬዋ ሁሉ ሚጡ ነው። ሚጡ ወንበር ይዛ ቆመች። ሚጡ ከደጁ እስከ ማድቤት ብቻዋን ሄደች። ሚጡ የክር ማጠንጠኛውን ዘርግፋ ቤቱን በክር አሰረችው። እናትየው ደስ ይላታል፣ እውነትም ደስ ይላታል። መጨረሻ ላይ «ድቡሼስ?» ስትባል ደህና ነው ትልና የሥራውን ነገር ታነሳለች።

ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ሲል ድቡሼን ተቅማጥ ያዘው። ሄደት መለስ እያለ ከረመና ልጁን እንጨት አደረገው። ፀጉሩም ሳስቶ ወደ ቀይ ሄደ። እናትየው ፈቃድ ጠይቃ ፋርማሲ ወስዳው ሽሮፕ ሰጧት፤ ተቅማጡም ቆመ። ከዚያ በኋላ ነው ጉንጩ መሙላት የጀመረው። በሳምንት ጊዜ ውስጥ ፊቱ ክብ ሆነ፣ የእግሩ ጣቶች ድቡልቡል አሉ። እትዬም ሚጡን ይዤ እመጣለሁ ያለችው በዚያው ሰሞን ነበር። እናትየው ተመስገን አለች። ልጄን በደህናው ጊዜ ሊያዩልኝ ነው፣ በዚያ ሁኔታ ቢያዩት ምን ይውጠኝ ነበር ብላ እፎይ አለች። ከፋብሪካው ጥሩ የሕፃን ጫማ መርጣ አመጣችለት። አልገባ አለው። እግሩ ወፍሮ ነው ብላ አንድ ቁጥር ከፍ ያለውን ለወጠችለት።

እነእትዬ የመጡት እሁድ ጠዋት ነው። ሚጡ በሩን ራሷ ገፍታ ገባች። ቢጫ ቀሚስ ለብሳለች፣ ጉልበቷ ላይ የወደቀችበት ጠባሳ አለ። ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየችና እናትየውን «አክስት» አለቻት፣ እንደተማረችው። እናትየው አቅፋ ሳመቻት። ልጅቷ ከእቅፏ ለመውረድ ስትታገል የጉልበቷ ብርታት አስገረማት።

ሚጡ ወንድሟን አልጋው ጥግ ላይ ሲያያት አየችውና ወደሱ ሄደች። ኳስ ይዛ መጥታ ነበር፤ አጠገቡ አስቀመጠችለት። አላነሳውም። ጭኑ ላይ አደረገችለት። ኳሱ ተንከባሎ ወደቀ፤ እሱ እጁን ሳያንቀሳቅስ በዓይኑ ብቻ ተከተለው። ሚጡ ደግማ ደጋግማ ሞከረች፤ በኋላ ሰለቻትና ትራሱ ላይ እንደተቀመጠ ዕቃ አልፋው ሄደች።

እትዬ ይሄን ሁሉ ታያለች። ከሰዓት ላይ ሁለቱን አብረን እንጠባቸው ብላ ውሃ አሞቀች፤ ሳፋውንም ራሷ አወጣች። ድቡሼን ልብሱን ስታወልቅለት እጇ ቆመ። ፊቱና እግሩ ሙሉ ነው፣ በመሀሉ ግን የጎድን አጥንቱ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ካልሲውን ስታወልቅ የካልሲው ላስቲክ ሥጋው ውስጥ ገብቶ ቦይ ሠርቷል። እትዬ በአውራ ጣቷ የእግሩን ጀርባ ጫን አድርጋ ለቀቀች። ጣቷ ያረፈበት ቦታ ጎድጉዶ ቀረ። ሁለቱም ሴቶች ጉድጓዱ እስኪሞላ ቆመው አዩት፤ ቶሎ አልሞላም።

«ይሄ ውፍረት አይደለም» አለች እትዬ።

እናትየው በመጀመሪያ የተሰማት ንዴት ነው። ሰው ቤት መጥቶ ልጅ ማገላበጥ ምን ይሉታል አለች። የሷን ልጅ ወስደው አሳድገው አሁን ደግሞ ሊወቅሷት እንደመጡ ተናገረች። እንዳንቺ እቤት የምውል መሰለሽ አለቻት። እትዬ ልጁን በፎጣ ጠቅልላ ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ነገ ጠዋት ሥራ እንዳትገቢ፣ አብረን ጤና ጣቢያ እንወስደዋለን አለች። በፎጣው መሀል የድቡሼ ፊት ይታያል። በዚህ ሁሉ ጩኸት መሀል አላለቀሰም። እናትየው ያኔ ነው፣ ካለቀሰ ስንት ጊዜው እንደሆነ ለማስታወስ ሞክራ ያቃታት።

ጤና ጣቢያው ክንዱን ለክቶ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ላከው። የሕፃናት ክፍሏ ነርስ ወጣት ናት፣ ንግግሯ ፈጠን ያለ፣ ነገር የማታሽሞነሙን። እግሩን ስትጫን እናትየው ቀድማ «ወፈረልኝ ብዬ ነበር፣ ሲስተር» አለች። ነርሷ ብዙ እናት እንደዚያ እንደሚል ነገረቻት። ፕሮቲን አጥሮት፣ ሰውነቱ ውሃ ቋጥሮ ነው አለች። ወተት በትንሽ በትንሹ በኩባያ መስጠት ጀመሩ፤ ብዙ ቢሰጠው ልቡ አይችለውም ተባለ። እናትየው ልጄ ተርቦ እያለ ይሄ ጉንጭ የማይሞላ ወተት ምን ያደርግለታል እያለች በየሰዓቱ ኩባያውን ትይዛለች።

ከዚያ የሆነውን ግን አልጠበቀችም። ልጁ እየዳነ ሲሄድ እብጠቱ ጎደለ። እብጠቱ ሲጎድል ድቡሼ አለቀ። ያ ክብ ፊት ሄዶ ጉንጩ ስርጉድ፣ ዓይኑ ትልቅ፣ ጭኑ ቆዳው የተንጠለጠለ ሽማግሌ ሆኖ ተገኘ። ይሄ ሁሉ ጊዜ ከውሃው ሥር የነበረው ልጅ ይሄ ነው። ግንበኛው ተጠርቶ የመጣው በዚያን ቀን ነበር። አልጋው አጠገብ ቆሞ አየ፣ አየ። የሚቀልደው አልነበረውም። ወደ ኮሪደሩ ወጥቶ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ቀረ፤ እናትየው ስትወጣ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አገኘችው። ትከሻዬ ላይ ሳስቀምጠው ይቀለኝ ነበር፣ እየቀለለኝ ነው የሳቅኩት አላት።

ከቀናት በኋላ አንድ ጠዋት ድቡሼ ኩባያው ባዶ ሲሆን አለቀሰ። ቀጭን፣ የተሰነጠቀ ድምፅ ነው። እናትየው ደንግጣ ልታባብለው ስትሯሯጥ ነርሷ ከወዲያኛው አልጋ ሆና አየቻት።

«ተይው፣ ያልቅስ» አለቻት። «ጨምሩልኝ እያለ ነው። እስከ ዛሬ ለመጠየቅ እንኳ አቅም አልነበረውም።»

እናትየው ይሄንን ስትሰማ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ጨዋ ልጅ እያሉ ያመሰገኑላት ያ ሁሉ ጊዜ ፊቷ ድቅን አለ።

የልብስ ቅያሪ ልታመጣ ወደ ሰፈር የሄደች ቀን እማማ ዘንድ ገባች። ለመጣላት ነበር የገባችው። ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ናቸው፤ ሳህኑ መሀል ላይ ነው። እማማ ወሬውን ሰምተው ኖሮ ገና ስትገባ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ለልጅሽ ነፍጌ እንዳይመስልሽ አሉ። ለሁሉም እኩል ነው የማቀርበው አሉ።

«አንድም ቀን አልጠየቀኝም እኮ፣ ልጄ» አሏት። «ቢጠይቀኝ ምነው።»

እሷንስ መቼ ጠየቃት። የልጁን ብርድ ልብስ ከምንጣፉ ላይ አንስታ ወጣች።

ሆስፒታሉ ውስጥ ከክፍሉ ጥግ ልጆች የሚጫወቱበት ምንጣፍ አለ። መጫወቻው ጠጠር የገባበት የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ በክር የተሰካ ክዳን፣ ከካርቶን የተሠራ ሳጥን ነው። ነርሷ ይሄም ሕክምና ነው ትላለች። ጠርሙሱን ድቡሼ እጅ ላይ ሳይሆን ከእጁ ትንሽ አርቀሽ አድርጊለት፣ ራሱ ይዘርጋ አለቻት። እናትየው እግሩ ታሞ ይሆን ብላ ጠየቀች።

«እግሩ አልታመመም» አለች ነርሷ። «ሰውነቱ ያገኘውን ትንሽ ነገር ለልቡና ለሳንባው ሲያደርግ መቆሙን ለሌላ ጊዜ አቆየው። ጡንቻ አልተሠራለትም። ጭንቅላቱም ያው ነው፣ ልጅ እየነካ እየወደቀ ነው የሚማረው፤ እሱ ሁለት ዓመት አንድ ቦታ ተቀምጧል።»

ይመለሳል ወይ አለቻት። ነርሷ ብዙው ይመለሳል፣ ሁሉም ይመለሳል ብዬ ግን አልዋሽሽም አለቻት። እናትየው ይህችን ነርስ ጠላቻት፣ ወዲያውም አመነቻት።

ሊወጡ ሲሉ እትዬ ወደ ጥግ ጠራቻት። እሱንም ልውሰደው አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። እትዬ ወደ ከተማዋ ሳትመለስ፣ ሳትሰለች በየቀኑ ሆስፒታል ተመላልሳለች፤ ክፋት የላትም። ግንበኛውም ይሻላል አለ። እናትየው ወደ አልጋው ዞራ ልጇን አየች።

«እሱንም ከሰጠሁሽ እኔ የማን እናት ነኝ?»

እትዬ ልትል ያሰበችውን ፈርታዋለች፤ ሚጡን ማጣት ነው የምትፈራው። ቢሆንም አለችው። አንቺም አብረሽ ነይ አለቻት።

ፋብሪካውን ለቀቀች። እነእትዬ ቤት ገባች፤ በከተማቸው ዳቦ መሸጫ ውስጥ ለግማሽ ቀን ተቀጠረች፤ ከቀትር በኋላ ምንጣፉ ላይ ከልጇ ጋር ናት። እንቁላል፣ ድንች፣ ምስር፣ ሩዝ፣ የተገኘው ሁሉ ተፈጭቶ ተቀቅሎ በራሱ ሳህን ይቀርብለታል፤ ማንኪያውን አስይዛው እስኪጨርስ ትጠብቃለች። ማንኪያ በወጉ መያዝ አልቻለም ነበርና ምግቡ ግማሹ ጆሮው ላይ ነው። መጀመሪያ በሆዱ ተሳበ። ከዚያ ዳኸ። የልብስ ስፌት መኪናውን እግር ይዞ የቆመ ቀን እትዬ ጨርቁን በመርፌው ላይ ትታ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሦስት ዓመት ሊሞላው ሲል ሄደ። አረማመዱ እግሩን ሰፋ አድርጎ፣ በጀልባ ላይ እንደቆመ ሰው ነው። ሲወድቅ እጁ ቶሎ አይዘረጋለትም፤ ግንባሩ ሁልጊዜ የሆነ ቦታ ተልጧል።

እዚያ ቤት ውስጥ መኖር ቀላል አልነበረም። ሚጡ እናቷን አክስት ትላለች። እትዬ ትንሽ ከፍ እስክትል አይነገራት ብላ ለመነቻት። የመንታ እናት እሺ አለች። የኔ ናት ለማለት አፍ አልነበራትም፤ ልጅቷን ለዚህ ያበቃት ማን እንደሆነ በዓይኗ እያየች ምን ትበል። አንዳንዴ ሚጡን ስታጥብ የጭኗን ሥጋ ትይዝና ደስታና ቅናት አንድ ላይ ይመጡባታል። ድቡሼን ስታጥብ ደግሞ ቅናቱ ብቻ ይቀርና ያሳፍራታል። መንገድ ላይ ሰው ሁለቱን አይቶ በመካከላቸው ስንት ዓመት አለ ይላታል። ሁለቱንም በእጃቸው ይዛ ታልፋለች።

አራት ዓመታቸው ሲሆን ሚጡ መዋዕለ ሕፃናት ገባች። ድቡሼም አብሯት ተመዘገበ፣ ነገር ግን መምህርቷ ጠመኔ ይዞ መሥመር ማስመር ስላቃተው ለአንድ ዓመት ይቆይ አለች። እናትየው አልተከራከረችም። ከሰዓት ከሰዓት ከሱ ጋር ቁጭ ብላ ጠመኔውን በጣቶቹ መሀል ታስገባለታለች፣ ይወድቃል፣ ታነሳለታለች።

አንድ ቀን ሚጡ ከትምህርት ቤት ተመልሳ አጠገባቸው ቆማ ስታያቸው ቆየች።

«አክስት፣ እሱ ለምንድነው የማይችለው?»

«ትንሽ ሆኖ ርቦት ስለነበር ነው» አለች እናትየው።

«ለምን አልሰጠሽውም?»

እናትየው ጠመኔውን መሬት ላይ አስቀመጠች። እትዬ ከስፌት መኪናዋ ቀና አለች። ድቡሼ ማን ስለማን እንደሚያወራ ሳይገባው አንዷን ከሌላዋ እያቀያየረ ያያል።

«እሰጠው ነበር» አለች እናትየው። «አልበቃውም። አልበቃውም ብዬ ደግሞ አላሰብኩም።»

ሚጡ ነገሩን በልቧ አመላለሰች። የምታውቀው ሁሉ ሲርብህ ትናገራለህ፣ ስትናገር ይሰጥሃል ነው፤ ከዚህ ውጪ ያለው አልገባትም። ቦርሳዋን አውልቃ ወደ ደጅ ሮጠች። ድቡሼም ከተቀመጠበት በእጁ ተደግፎ ተነሳና፣ እግሩን ሰፋ አድርጎ፣ ወደ በሩ ተከተላት። እናትየው ብድግ ልትል ብላ ተወችው። ደፉ ላይ ተደናቀፈ፤ መቃኑን ያዘ፤ ወጣ።